የተስፋዬ አህያና የዘሃራ ፈረስ

"ሞተች እንዴ?" ብላ የጀመረችው የጎሮዋ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ናት። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ስልኩን ከማንሳቴ "ሰናይት፣ ዘሃራ ሞተች እንዴ? ቁጥሯ አይሠራም!" አለችኝ። የእሷን ስልክ ስዘጋ የዲንሾው የላቦራቶሪ ባለሙያ ደወለ። እሱ ትንሽ ጨዋ ስለሆነ "ደህና ናት ግን?" ነው ያለው። ቀጥሎ የጎባው ፋርማሲ። እስከ ምሳ ድረስ አራቱም ክሊኒክ እኔ ስልክ ላይ ለቅሶ ሊቀመጥ ምንም አልቀረው።

"ኧረ አልሞተችም፤ መስመሯን ዘግታ ነው" ስላቸው አንዳቸውም እንኳ ተመስገን አላሉም። "ታዲያ ሲበላሽ ለማን እንደውል?" ይላሉ። እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው። ሰው ስትሆን አልፈለጓትም፤ ቁጥር ስትሆን ነው የፈለጓት። እኔ ግን ሰውየዋን አውቃታለሁ፤ ስለዚህ ላውራ።

ሮቤ ላይ፣ ከቆርቆሮና ሚስማር መሸጫ በላይ ባለች ሁለት ክፍል ቢሮ አብረን ሠርተናል። ቀጣሪያችን ሐጂ ከድር የሚባሉ የስንዴ ነጋዴ ናቸው። ሐጂ በስንዴ ያገኙትን ክሊኒክ ላይ አፈሰሱት፤ ዋናው ጎባ፣ ቅርንጫፎቹ ሮቤ፣ ጎሮና ዲንሾ። አንድ በሽተኛ ጎሮ ካርድ አውጥቶ ጎባ ሲሄድ እንደገና "ስም? ዕድሜ? ቀበሌ?" እየተባለ እንዳይጉላላ አራቱን በኢንተርኔት የሚያገናኝ ሲስተም ይሠራልኝ አሉ። የሚሠሩት ሁለት ነበሩ፤ ዘሃራና ተስፋዬ። እኔ ኮድ አልጽፍም። የእኔ ሥራ የተሠራውን ለሠራተኛው ማስተማር፣ በሚኒባስ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ መንከራተት፣ ስድቡንም በእነሱ ፈንታ ፊት ለፊት መቀበል ነበር።

ዘሃራ ረጅም ናት፤ ቀጭን። ሒጃቧን ግንባሯ ላይ ጠበቅ አድርጋ ታስራለች። ስትናደድ አማርኛዋ ጥሏት ይሄድና ኦሮምኛው ብቻ ይቀራል፤ ያኔ ሐጂም ሳይቀሩ ከቢሮው ይወጡ ነበር። የተወለደችው ከሳነቴ አምባ ወዲያ፣ ሐረና ጫካ ውስጥ ባለች መንደር ነው። በልጅነቷ ለትምህርት ጎባ አጎቷ ቤት መጣች፤ በዚያው ቀረች።

ስልኳን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ትደፋውና መዳፏን ትጭንበታለች፤ የሚገነፍል ድስት ክዳን የያዘች ነው የምትመስለው። ስትበላ አንድ እጇ እሱ ላይ ነው። ስትሰግድ መስገጃው ራስጌ ይቀመጣል። ከሮቤ ጎባ ስንሄድ ኔትወርኩ የት ጋ እንደሚደክም፣ የት ጋ እንደሚመለስ በቃሏ ታውቃለች። ሰርግ ስንጠራ ሰው ሁሉ "ሙሽራዋ የማን ልጅ ናት?" ሲል የእሷ የመጀመሪያ ጥያቄ "ድንኳኑ ያለበት ቦታ ኔትወርክ አለው?" ነው። ከሌለው አትሄድም። አንድ ጊዜ የገዛ አክስቷ ልጅ ሰርግ እንደዚህ ቀርታ ቤተሰቡ አኩርፏት ከርሟል።

እንዲህ ሆና ግን አልተፈጠረችም። ታሪኩ የሚጀምረው ከአንድ ጠብ ነው።

ሰው ኮምፒውተሩ ላይ የሚያየው የፊቱን ነው። ከኋላ፣ ሰርቨር ላይ ተቀምጦ "ይሄ በሽተኛ ማነው? ምን ታዘዘለት?" እያለ የሚያገላብጥ ሌላ ፕሮግራም አለ። ያንን የኋላውን መጻፊያ መንገዱ ብዙ ነው። ተስፋዬ ፒኤችፒ በሚባለው ቋንቋ ይሁን አለ። ተስፋዬ ከሆሳዕና የመጣ ነው፤ ሥራውን የጀመረውም የለመደውም በፒኤችፒ ነው፤ ዓይኑን ጨፍኖ ይጽፈዋል። ዘሃራ ደግሞ በኖድ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለች። በኖድ ሲሠራ የደም ምርመራው እንደወጣ ሐኪሙ ምንም ሳይነካ ስክሪኑ ላይ ዱብ ይልለታል። ሠርታ አሳየችን፤ እውነትም ያምራል።

"ያንተ እኮ አህያ ነው" ትለዋለች።

"አህያ ይጭናል! ያንቺ ፈረስ እስቲ አንድ ኩንታል ስንዴ ይጫንና ልየው።"

"ፈረስን ማን ስንዴ ጫነው? ፈረስ ሰው ያደርሳል።"

መጀመሪያ ቀልድ ነበር። ኋላ ሐጂ "መቼ ነው የምትጀምሩት?" እያሉ ሲያጣድፉ ቀልዱ መረረ። አንድ ቀን ጠዋት ዘሃራ ገብታ "አካም ቡልተኒ" አለች፤ ተስፋዬ ዝም። በማግስቱ እሱ "እንደምን አደራችሁ" አለ፤ እሷ ዝም። እኛ አገር ሰላምታ ከቀረ ነገሩ ከርሯል ማለት ነው።

ሐጂ ከድር ይሄን ሲሰሙ ምን አሉ? "ወላሂ እኔ አህያውንም ፈረሱንም አላውቅም። የማውቀው ሁለት ልጆች ሲጣሉ ምን እንደሚደረግ ነው።" ሽማግሌ ጠሩ። ሳቅሁ። የምራቸውን ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት ሐጂ ቤት ተጠራን። ጫቱ ተዘርግቷል፤ ሦስት ሽማግሌዎች ትራስ ደገፍ ብለዋል። ዋናው አባ ጀማል ናቸው። አባ ጀማል የድንበር ጠብ፣ የፍቺ ጠብ፣ የደም ጠብ ሳይቀር ያበረዱ ሰው ናቸው፤ የሰርቨር ጠብ ግን የመጀመሪያቸው ነበር። ሁለቱም ተራ በተራ ተናገሩ። ሽማግሌዎቹ ምንም ሳይገባቸው እንደዚያ በትዕግሥት ማዳመጣቸው እስካሁን ይገርመኛል።

"ሁለቱም ይሠራል?" አሉ አባ ጀማል በመጨረሻ።

"ይሠራል" አሉ ሁለቱም።

"ሐራም ያለበት አለ?"

ሳቅ ሆነ። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ወደ ውጭ ወጡና ተማክረው ተመለሱ። አባ ጀማል ጉሮሯቸውን ጠራርገው "ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል" አሉ። "ካርድ ክፍሉና ሒሳቡ የተስፋዬ ድርሻ ይሁን፤ በራሱ መንገድ ይሥራው። ላቦራቶሪውና መድኃኒቱ የዘሃራ ድርሻ ይሁን፤ በራሷ መንገድ ትሥራው። ከሽማግሌ ፊት ባዶ እጁን የሚወጣ የለም።"

ዱዓ ተደረገ። አሚን ተባለ። እኔም ክርስቲያኗ ከሁሉም ድምፄን ከፍ አድርጌ አሚን ብያለሁ። ተስፋዬና ዘሃራ ተጨባበጡ፣ የሽማግሌዎቹን ትከሻ ሳሙ፣ ሰላም ወረደ። ሐጂማ ደስታቸው!

መሬት ቢሆን እኮ ፍርዱ ወርቅ ነበር። መሬት ከመሃል ድንጋይ ተተክሎ ይከፈላል፤ እኔ ያንተን አልረግጥ፣ አንተ የኔን። በሽተኛ ግን አንድ ሰው ነው። ካርዱ ተስፋዬ ጋ፣ ደሙ ዘሃራ ጋ። ሽማግሌዎቹ ግራውን ለአንዱ፣ ቀኙን ለአንዷ ሰጡ፤ መሃሉን ለማንም አልሰጡም። የተስፋዬ ወገን ቀኑን በኛ አቆጣጠር ይጽፋል፤ ካርድ ክፍል ሌላ አያውቅማ። የዘሃራ ወገን በፈረንጅ ይጽፋል፤ የምርመራ ማሽኑ ሌላ አያውቅማ። ሁለቱም በየድርሻው ልክ ነው። ሁለቱን የምታስተረጉም ትንሽ ድልድይ ተስፋዬ ጠጋገናትና ሥራ ተጀመረ፤ ዕዳው ገብስ ነው ተባባልን።

በዓመቱ ተስፋዬ አዲስ አበባ ሥራ አገኘ። አልፈርድበትም፤ ጥሩ ልጅ ነበር፣ ሲሄድ ዘሃራን አቅፎ ነው ያለቀሰው። ከሄደ በኋላ አህያውም ፈረሱም እሷ ላይ ወደቀ።

ስልኩ የተጣበቀባት ያኔ ነው። መብራት ይጠፋና ይመጣል፤ አንዱ ወገን ይነሣል፣ አንዱ አይነሣም። "ዘሃራ፣ ካርዱ ይታያል፣ ውጤቱ የለም።" "ዘሃራ፣ ውጤቱ አለ፣ ሰውየው የለም።" ሐጂን ተተኪ ይፈለግ ብለን ነዘነዝናቸው። ተፈለገ። ፒኤችፒ የሚያውቅ ሞልቷል፤ እዚህ የሚመረቀው ሁሉ እሱን ነክቶ ነው የሚወጣው። ኖድ የሚያውቅ ግን ጥርሱን ሲነቅል ሻንጣውን ይዞ ወደ አዲስ አበባ ነው። ሁለቱንም አውቆ፣ ያቺን መሃል ያለችውን ድልድይ የሚያውቅ ከእሷ በቀር አልተገኘም።

"ታዲያ አንድ እናድርገው፤ አንዱ ይቅር" አለች ዘሃራ።

ሐጂ ደነገጡ። "የሽማግሌ ቃል? ዱዓ የተደረገበት? ተስፋዬ በሌለበት ድርሻውን ልንነጥቅ? አስተግፊሩላህ!" ቀጥለው ደግሞ ያቺን የታወቀች ቃላቸውን አመጧት። "ያ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺ ካለሽ እኔ ምን አሳሰበኝ!" ሐጂ ሰው በሰንሰለት አያስሩም፤ በሙገሳ ነው የሚያስሩት። ስድብ ቢሆን ጥላ ትሄድ ነበር።

"ሰኒ" ትለኛለች ወንበሯ ላይ እንደተዘረጋች፣ መዳፏ ስልኩ ላይ። "ባላው ሁለት አይደለም። ሁለቱም እኔ ነኝ።"

አባቷ ማር ቆራጭ ነበሩ። ሐረና ውስጥ ዛፍ ላይ ቀፎ ይሰቅላሉ፤ ማሩን ይዘው ሳነቴን ተሻግረው ጎባ ገበያ ይወጣሉ። መንደራቸው ኔትወርክ ስለሌለው ዘሃራ እዚያ መሄድ ካቆመች ቆይታለች። አንድ ሌሊት እዚያ ብታድር አራት ክሊኒክ እንደተዘጋ ነው የሚሰማት። ስለዚህ አባቷ ናቸው የሚመጡት፤ ክሊኒኩ ግቢ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ይጠብቋታል። እሷ ብቅ ትላለች፣ ትስማቸዋለች፣ ስልኩ ይጮሃል፣ ትገባለች። አንድ ቀን ብቻቸውን ቁጭ ብለው ሳገኛቸው በኦሮምኛ "ልጄን የማያት እንደ እስረኛ በመጠየቂያ ሰዓት ነው" አሉኝና ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። አሁን ሳስበው አንጀቴን ይበላኛል።

ተስፋዬ በሌለበት የመጀመሪያዋ ጳጉሜ መጣች። እኛ አሥራ ሦስተኛ ወር አለን፤ ፈረንጅ የለውም። ተስፋዬ ባለበት ዓመት ጳጉሜን በእጁ እየነካካ አሳልፏት ኖሮ ለማንም አልነገረም፤ ምናልባት ረስቶት ይሆናል። የእሱ ወገን አሥራ ሦስተኛ ወር ብሎ ሲልክ ድልድይቱ ግራ ገባት። ዝም ብላ ብትቆም እሰየው ነበር። አልቆመችም፤ ያገኘችውን ውጤት ካገኘችው ካርድ ጋር ታጋባ ጀመር።

የዚያን ቀን ጠዋት ጎባ ነበርን። አንድ ሐኪም ወጣ ብሎ "እኚህ ሽማግሌ ነፍሰ ጡር ናቸው ይለኛል ኮምፒውተሩ" አለ እየሳቀ። ዘሃራ አልሳቀችም። ፊቷ አመድ መሰለ። "አቁሙ! ሁሉም በወረቀት ይሁን!" ብላ ጮኸች፤ ሮጣም ኮምፒውተሩ ጋ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲያ ያለው በወረቀት ሆነ። ቀድሞ የወጣውስ? ከማለዳ ጀምሮ በአራቱም ክሊኒክ የሰው ውጤት ይዘው፣ በሰው ውጤት የታዘዘ መድኃኒት ይዘው ወደ ቤታቸው የሄዱ ሰዎች አሉ። ማን የማንን እንደያዘ ለይቶ ማውጣት የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው።

ስልኳ የጮኸው በዚህ መሃል ነው። አንሥታ "ማነው? የቱ ቅርንጫፍ?" አለች። ከመንደሯ ነበር፤ አንድ ጎረቤት ኔትወርክ የምታገኘውን ጉብታ ወጥቶ ነው የደወለው። አባቷ ጠዋት ቀፎ ሊያዩ ወጥተው ከዛፍ ወድቀው ሞተዋል። ጀናዛው ከዙህር፣ ከቀትሩ ስግደት፣ በኋላ ነው።

እኛ ክርስቲያኖች ሰው እስኪደርስ እንጠብቃለን። ሙስሊም ሟቹን አያቆይም፤ ማክበሩ ነው። አሁኑኑ መኪና ካልያዘች አትደርስም። ሁላችንም ተነሣን፣ "ሂጂ!" አልናት። ተነሣች። በሩ ድረስ ሄደች። እጀታውን እንደያዘች ቆመችና ወደ ስክሪኑ ዞር አለች።

"አንድ ሰው የሌላ ሰው መድኃኒት ውጦ ቢሞትስ?" አለች።

ተመልሳ ተቀመጠች። እያለቀሰች ትለያለች፤ እኔ አጠገቧ ሆኜ እደውላለሁ። "እማማ፣ ያንን ክኒን እንዳይውጡት።" "ወንድሜ፣ ውጤቱ የአንተ አይደለም፣ ተመለስ።" ሁሉንም አገኘናቸው፤ ማንም ምንም አልሆነም። የመጨረሻውን ሰው ዲንሾ መናኸሪያ ላይ አግኝተን ስልኩን ስዘጋ የከሰዓቱ የዐስር አዛን ይሰማ ነበር። አባቷ ተቀብረዋል። በዚያ ሰዓት ወደ ሐረና የሚወርድ መኪናም የለም።

በማግስቱ ሄዳ በሦስተኛው ቀን ተመለሰች። ዓይኗ አብጧል። እናቷ ብቻቸውን ቀርተዋል፤ ዓይናቸውም ደክሟል። ወደ ከተማ እንውሰድሽ ሲሏቸው "ባሌን አፈር ውስጥ ጥዬ የት እሄዳለሁ?" ብለዋል። ዘሃራ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ "ሰኒ፣ ተነሺ። አባ ጀማል ጋ እንሂድ" አለችኝ።

አባ ጀማል ግቢያቸው ውስጥ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። አስተዛዘኗት፤ ለሟቹ ፋቲሃ ቀሩ። የመጣችበትን ስትነግራቸው ከልባቸው አዘኑ፤ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ልጄ፣ የሌለ ሰው ድርሻ አይነካም። ተስፋዬ ይምጣ፣ አብራችሁ ቅረቡ።"

"እሱ አይመጣም፣ አባ። የሱን ልንካ አላልኩም። የኔን ድርሻ ትቻለሁ።"

ሽማግሌው ቀና አሉ። "ፈረስሽን?"

"ፈረሴን።"

እኔ ጣልቃ ገባሁ፤ አላስቻለኝም። "አብደሻል? የሚሻለው እኮ ያንቺ ነው! አንቺ ራስሽ ስንት ጊዜ ስትሟገቺለት!"

"ይሻላል" አለች ሳትዞር። "ሲታመም ግን ከኔ በቀር ሐኪም የለውም። የተስፋዬ አህያ ቢታመም ሮቤ ውስጥ የሚያክመው ሞልቷል። እኔ ስንመርጥ የቱ ይፈጥናል ብዬ ነው የጠየቅኩት፣ ሰኒ። ስሄድ ማን ይይዘዋል ብዬ አልጠየቅኩም። የምሄድ መስሎኝ አያውቅማ።"

አባ ጀማል ዱላቸውን መሬቱ ላይ አሳረፉ። "እንግዲህ ስሚኝ። ድርሻዬን ትቻለሁ ያለ ሰው ተመልሶ አይጠይቅም። ተመልሶም አይጠየቅም።"

"እሱኑ ነው የምፈልገው፣ አባ" አለች፤ ትከሻቸውንም ሳመች።

ሐጂም አፋቸውን ያዙ። ቃሉ አልፈረሰማ፤ ባለ ድርሻዋ ራሷ ተወች።

ከዚያ በኋላ የሠራችውን ሥራ ሳስብ የሚከፋኝ እኔ ነኝ። በሚወዱት ነገር የገነቡትን ቤት ጡብ በጡብ አፍርሶ በሚጠሉት መልሶ መገንባት ቀላል አይደለም። አንዳንዴ ስትጽፍ ትቆምና "አይ ተስፋዬ! ይሄን እንዴት ነው የምትወደው?" ትላለች፤ መልሳ ትጽፋለች። ለሐኪሙ ዱብ ይል የነበረው ውጤት ቀረ፤ አሁን ገጹን ራሱ ማደስ አለበት። ሐኪሞቹ አጉረመረሙ፣ ሁለት ሳምንት ሰደቡን፣ ለመዱት። ቀኑ አንድ አቆጣጠር ሆነ፤ ድልድይቱ ቀረች። እዚሁ ሮቤ የተመረቁ ሁለት ልጆች ተቀጠሩ፤ ሁሉን ነገር ዘርግታ አሳየቻቸው። የድሮውን የራሷን ፕሮግራም ከሰርቨሩ ያጠፋች ቀን ቢስሚላህ ብላ ነው የነካችው። ከዚያ ውጭ ወጥታ ደረጃው ላይ ብዙ ተቀመጠች። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ጳጉሜ እንደገና መጣች፤ በሰላምም አለፈች። ሁለቱ ልጆች ናቸው ያሳለፏት። ዘሃራ ቢሮው ጥግ እጇን አጣምራ ስታያቸው ዋለች። በዘመን መለወጫ ማግስት ሻንጣዋን ይዛ መጣች።

"አባቴን አልደረስኩለትም። አዮን፣ እናቴን፣ በሕይወት ሳለች ነው የምደርስላት" አለችኝ። መስመሯን የዘጋችው የዚያን ቀን ነው። ያ ሁሉ "ሞተች እንዴ?" የመጣው የዚያን ቀን ነው።

ከዚያስ? ትንሽ ሰነበተና ስልኬም ዝም አለ። ለሁለቱ ልጆች ይደውላሉ፤ አንዱ ባይነሣ ሌላው ይነሣል። "ለማን እንደውል?" ያለችኝ የጎሮዋ ልጅ ስሟንም እንደ ድሮ አታነሣም። እኔን ግን ሆድ ባሰኝ።

ባለፈው ሰሞን ሐጂ አስጠሩኝ። ጊኒር አዲስ ክሊኒክ ሊከፍቱ ነው። ሁለቱ ልጆች ደግሞ ተጣልተዋል፤ አንደኛው አዲሱን ፓይተን በሚባል ሌላ ቋንቋ እንሥራው ይላል፣ ሌላው የለም ባለንበት እንቀጥል ይላል። ሰላምታ አቁመዋል። ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ደግሞ ፈራሁ።

"ሽማግሌ ልጠራ ነው" አሉ ሐጂ። "በፊት ግን ዘሃራ ትምጣ። ሂጂና አምጪልኝ። ለትንሽ ጊዜ ነው በያት። እሷ ካለች እኔ ምን አሳሰበኝ!"

ከጎባ ተሳፍሬ ሳነቴን ወጣሁ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሜዳው ላይ ስንደርስ የስልኬ ኔትወርክ ጠፋ፤ ከመስኮቱ ወዲያ ከሣርና ከድንጋይ በቀር ምንም አይታይም። ከዚያ ቁልቁል ወደ ጫካው፣ ወደ ጉሙ። መልእክቱን በልቤ ሳገላብጠው ደረስኩ።

ዘሃራ ከደጅ ውሃ ይዛ ስትገባ አየችኝ። ጀሪካኑን ለቀቀችው። "ምን ተበላሸ?" አለች። አካም ጂርታም የለ፣ ሰላም ነውም የለ። እጇ ቀሚሷ ላይ ኪስ ይፈልጋል።

"ምንም አልተበላሸም። ሰው ናፍቆት አይመጣም?"

ተቃቀፍን። ወፍራለች ብል ይበዛል፤ ፊቷ ግን ሞልቷል። እናቷ አዮ ፋጡማ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለየው። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ። ወተት ልታመጣ ዘሃራ ጓዳ እንደገባች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በኦሮምኛ "ልትወስጃት ነው የመጣሽው?" አሉኝ። እጄን አልለቀቁም።

ሳልመልስላቸው ዘሃራ ገባች።

በኋላ እስከ መንገዱ ስትሸኘኝ ያቺን ጉብታ አሳየችኝ፤ የመንደሩ ልጆች ለኔትወርክ የሚወጡባትን። "እኔም እወጣለሁ" አለች። "ስልኩን ይዤ። አልከፍተውም። ይዤው እቀመጣለሁ፣ ሳልከፍተው እወርዳለሁ። መልመድ ነዋ።" ሳቀች። ትንሽ ሄድን። ከዚያ ቆመች፤ መሬት መሬት እያየች፦

"ሰኒ፣ እውነቱን ንገሪኝ። አንድ ቀን እንኳ አልፈለጉኝም?"

የሐጂ መልእክት ምላሴ ላይ ነበር። ብነግራት በዚያው ቀሚሷ መኪናው ላይ ትወጣ ነበር፤ አውቃታለሁ። እያለቀሰችም ቢሆን ትወጣ ነበር። አዮ ፋጡማ ደጃፉ ላይ በእጃቸው ግድግዳውን ይዘው ቆመዋል፤ አያዩንም፣ ግን ወደኛ ዞረዋል።

"አልፈለጉሽም" አልኳት።

ፊቷ ዳመነ። ዓይኗ እንባ ሞላ። "አልሐምዱሊላህ" አለች፤ ሁለተኛም "አልሐምዱሊላህ" አለች። ድምፁ ግን የደስታ አልነበረም። ውሸቴን በዚያች ደቂቃ ልውጠው ነበር፤ መኪናው ጥሩንባ ነፋ፣ ተሳፈርኩ።

ሐጂ ከድር ሮቤ ሱቃቸው በር ላይ፣ የስንዴ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር። "አገኘሻት?" አሉኝ።

"አግኝቻታለሁ።"

"አልሐምዱሊላህ! መቼ ትመጣለች? ምን አለችሽ?"

"ድርሻዬን በአባ ጀማል ፊት ትቻለሁ ብላለች" አልኳቸው።

ሐጂ አፋቸውን ከፈቱ። ወደ ጆንያው አዩ፣ ወደ እኔ አዩ። ከዚያ አፋቸውን መልሰው ዘጉ።